ዜማችንን በገዛ ሠንጠረዣችን እንጻፍ

ኤክሴል የሚባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም የማያውቅ ተማሪ በግቢያችን አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የፈተና ውጤት የሚደመረው በእርሱ ነው፤ የማኅበር መዋጮ የሚመዘገበው በእርሱ ነው፤ የላቦራቶሪ ቁጥር የሚሰደረውም በእርሱ ነው። ተመርቀን ሥራ ስንይዝም የደመወዝ መክፈያው፣ የመጋዘኑ ዕቃ ዝርዝር፣ የሕሙማኑ መዝገብ በዚሁ ረድፍና ዓምድ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀናል። በዚህም ምክንያት ብዙዎቻችን ይህን መሣሪያ እንደ ሂሳብ ሹም ብቻ እናየዋለን። ሙዚቃ ይጻፍበታል የሚል ሰው ቢመጣ እንስቅበታለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሣቅ ያለ ቦታው የወደቀ መሆኑን ማስረዳት ነው። እኛ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይኸው ተራ ሠንጠረዥ የኮምፒውተር ሙዚቃ ለመድረስ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ለእኛ አገር ዜማ ሲሆን በፒያኖ ቁልፍ አምሳል ከተሠሩት ፕሮግራሞች ይልቅ እርሱ ይስማማል። ሦስተኛውና ዋናው፣ የጎንደር ማሲንቆና የጎንደር ዜማ ወደሚመጣው ትውልድ ጆሮ የሚሻገረው በራሱ ልክ ነው ወይስ በሰው ልክ ተቆርጦ? የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው፣ እኛ ተማሪዎች ዛሬ በዚህ መሣሪያ በምንሠራው ወይም ሳንሠራ በምንቀረው ነገር ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ኮምፒውተር እንዴት ሙዚቃ እንደሚሠራ እንመልከት። በ1957 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ኢንጂነር የነበረው ማክስ ማቲውስ «ሙዚክ» የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። በዚያው ዓመት ኒውማን ጉትማን የደረሰው 17 ሴኮንድ የሚፈጅ ቁራጭ አይቢኤም 704 በተባለው መኪና ተሰማ። ከዚያ ዘር የተወለዱት ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ባሪ ቨርኮ በ1986 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጻፈው ሲሳውንድ ነው። ሲሳውንድ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል።

ሲሳውንድ ከደራሲው ሁለት ጽሑፍ ይፈልጋል። አንደኛው «ኦርኬስትራ» ይባላል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ድምፁን እንዴት እንደሚያወጣ የሚነግር ነው። ሁለተኛው «ስኮር» ይባላል፤ የትኛው መሣሪያ፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ድምፅ ያሰማ የሚለውን የሚዘረዝር ነው። ይህ ዝርዝር እንደ አውሮፓ ኖታ በአምስት መሥመር ላይ የተሰቀለ ነጠብጣብ አይደለም። አንድ ድምፅ ማለት አንድ የጽሑፍ መሥመር ነው። መሥመሩ በላቲኑ «አይ» ፊደል ይጀምራል፤ ቀጥሎ የመሣሪያው ቁጥር፣ ቀጥሎ የሚነሣበት ጊዜ፣ ቀጥሎ የሚቆይበት ጊዜ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ደራሲው እንዳሻው ይደለድላል፤ ለምሳሌ አምስተኛውን ለድምፁ ኃይል፣ ስድስተኛውን ለቅጥነቱ። «መሣሪያ 1፣ ከ0 ሴኮንድ ጀምሮ፣ ለ1.5 ሴኮንድ፣ በ0.3 ኃይል፣ በ220 ሄርዝ» እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ሠንጠረዥ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? እያንዳንዱ ድምፅ ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ጠባዩ ዓምድ ነው። አንድ አጭር ድርሰት እንኳ በመቶ የሚቆጠር መሥመር ሊፈጅ ስለሚችል በእጅ አንድ በአንድ መጻፉ ያሰለቻል፤ ስሕተትም ይበዛዋል። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ቪዚካልክ የተባለውን የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተር ሠንጠረዥ ያወጡት ነጋዴው አንድ ቁጥር በለወጠ ቁጥር ሂሳቡን ሁሉ እንደ ገና ከመደመር እንዲያርፍ ነበር። የዜማ ደራሲም የሚያደክመው ይኸው ድካም ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እናስረዳ። በሚነሣበት ጊዜ ዓምድ ውስጥ ቁጥር በእጅ አይሞላም፤ «ከበላይ ያለው ረድፍ የተነሣበት ጊዜ ሲደመር የቆየበት ጊዜ» የሚል ቀመር ይገባል። በመካከል አንዱን ድምፅ በግማሽ ሴኮንድ ብናስረዝመው ከበታቹ ያለው ዜማ ሁሉ ራሱን ችሎ ይሸጋሸጋል። ተመላሽ የሆነውን ክፍል መቅዳት፣ ዜማውን በሙሉ በእጥፍ ማፍጠን፣ ኃይሉን ቀስ በቀስ ማሳደግ ሁሉ የአንድ ቀመር ሥራ ነው። ሲሳውንድ መሥመሮቹን በመነሻ ጊዜያቸው ራሱ ስለሚያሰልፋቸው የማሲንቆውን ረድፎች ከላይ፣ የከበሮውን ከታች ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ሥራው ሲያልቅ ሠንጠረዡ በታብ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣልና ወደ ሲሳውንድ ይገባል። ከሴሚኮሎን ምልክት ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ፕሮግራሙ ሳያነብ ስለሚያልፈው፣ በመጨረሻው ዓምድ ከሴሚኮሎን በኋላ በአማርኛም በግዕዝም የፈለግነውን ማስታወሻ ልንጽፍ እንችላለን። የአርእስቱም ረድፍ በዚሁ ምልክት ቢጀምር ጉዳት የለውም።

እዚህ ላይ አንዳንዱ፣ «ለሙዚቃ ተብለው የተሠሩ፣ ሥዕላቸው ያማረ፣ በጣት ተነክተው የሚዘፍኑ ፕሮግራሞች ሞልተው ሳለ ወደ ደረቅ ቁጥር መመለስ ምን አመጣው?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በተገቢው እንመልስ።

እነዚያ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ በግራ በኩል የፒያኖ ቁልፍ፣ በአግድም ደግሞ አራት አራት ሆኖ የተከፈለ ምት ይዘው ይመጣሉ። በፒያኖው ልክ አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት፣ ጠቅላላው 1200 ሴንት ይባላል። ትዝታ ቅኝት (ሜጀር የሚባለው) በዚህ ልክ ሲጻፍ 0፣ 200፣ 400፣ 700፣ 900 ይሆናል። መነሻውን 220 ሄርዝ ብናደርግ ቀሪዎቹ ድምፆች 246.94፣ 277.18፣ 329.63 እና 369.99 ሄርዝ ይመጣሉ። ቀመሩም፦ መነሻው ሲባዛ 2 በ(ሴንቱ ሲካፈል ለ1200) ከፍ ብሎ፣ የሚል ነው። ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሊጽፈው ይችላል።

ነገር ግን ማሲንቆ ቁልፍ የለውም። አንድ የጭራ ጅማት አለው፤ ጣት የሚያርፍበትንም ቦታ ጆሮ እንጂ ብረት አይወስነውም። በጎንደር ዙሪያ የአዝማሪዎች መንደር በመባል የምትታወቀው ቡርቧክስ ያፈራቻቸው ባለሙያዎች ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ 400 ሴንት ላይ ጣትህን አሳርፍ አይሏቸውም። ባለማሲንቆው ሦስተኛውን ድምፅ ከፒያኖው ጥቂት ዝቅ ቢያደርገውና 386 ሴንት ላይ ቢያገኘው፣ 277.18 የነበረው ወደ 275 ሄርዝ ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ኢምንት ነው፤ ለጆሮ ግን የአንዱን አዝማሪ ትዝታ ከሌላው የሚለየው እንዲህ ያለው ኢምንት ነው። በደባርቅና በዳባት ደጋ የሚሰማው ዋሽንትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ዋሽንት እንደ ርዝመቱና እንደ ቀዳዳዎቹ ቦታ የራሱ መነሻ ድምፅ አለው፤ ለፒያኖው ቁልፍ የመታዘዝ ግዴታ የለበትም።

እርግጥ ነው፣ ድምፅን ከፒያኖው ልክ ለማዛነፍ የሚፈቅዱ ፕሮግራሞችም አሉ። ሆኖም መነሻቸው 12ቱ ቁልፍ ነውና የእኛ ልክ «የተዛነፈ» ተብሎ ይገባል። ሠንጠረዡ ግን ባዶ ነው። ከማንም ወገን አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ ቅኝቶቻችንን እናሰፍራለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያልን የእያንዳንዱን ድምፅ ሴንት በጆሯችን እንደ ሰማነው እንጽፋለን። በሌላው ገጽ ላይ ዜማውን ስንጽፍ «የትዝታ ሦስተኛ» ብቻ እንላለን፤ ቀመሩ ከቅኝቱ ገጽ ቁጥሩን ፈልጎ ያመጣል። ባለሙያው ሰምቶ፣ «ይህ አልተስማማም፤ ትንሽ ዝቅ በል» ቢለን በቅኝቱ ገጽ አንዲት ሣጥን ለውጠን ዜማውን ሁሉ እናርማለን። ይህን ጊዜ ቀጪው አዝማሪው ነው፤ ተማሪው መኪናው ነው። መሆንም የሚገባው እንደዚሁ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ ያስጨንቀናል? በሠርጉም፣ በመጠጥ ቤቱም፣ በስቱዲዮውም የባሕል ዜማ በኪቦርድ መታጀቡ የተለመደ ሆኗል። ኪቦርድን አንጠላም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጣው ሥራ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ እንዴት ያለ ውበት እንደሚገኝ አሳይቷል። የሚያስፈራን ሌላ ነው። ማሲንቆው በየጊዜው ከኪቦርዱ ጋር እንዲስማማ ከተገደደ፣ ልጆቻችን የፒያኖውን ልክ እንደ ትክክለኛ፣ የአያታቸውን ልክ እንደ ስሕተት መስማት ይጀምራሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ይደርስብናል። ልኩ አንድ ጊዜ ከጆሮ ከወጣ ደግሞ የሚመልሰው አዋጅ የለም።

ይህን ሁሉ ስንል ለአገራችን እንግዳ ነገር ያመጣን የሚመስለው ካለ ወደ ገዛ ከተማው ሊቃውንት ዘወር ይበል። በስድስተኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እንደ ደለደለው ትውፊታችን ይነግረናል። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከጽሑፉ በላይ የሚሰፈሩትን የምልክት ፊደላት እንዳደራጁም ይታወቃል። እነዚህ ፊደላት ከታወቀ የዜማ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ ናቸው። መሪጌታው ፊደሉን ባየ ጊዜ የቃሉ ዜማ በሙሉ ይታወሰዋል፤ ያንኑ ዜማ ለአዲሱ ቃል ያለብሰዋል። በአንድ ሥፍራ የተቀመጠ አጭር ምልክት በሌላ ሥፍራ የተቀመጠውን ረጅም ነገር ይጠራል ማለት ነው። ኤክሴል «ቪሉክአፕ» የሚለው ቀመር የሚሠራውም ይህንኑ ነው። የእኛ ሊቃውንት መዝገቡን የያዙት በብራናና በልባቸው ነበር፤ አሠራሩ ግን ከቪዚካልክ አራት መቶ ዓመት ይቀድማል።

የዜማው ምልክቶችም ዛሬ ለኮምፒውተር እንግዳ አይደሉም። በ2005 ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ፣ በጠቅላላው 10 ምልክቶች፣ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ ተገቢው የፊደል ቅርጽ ባለበት ኮምፒውተር በሠንጠረዥ ሣጥን ውስጥ ከቃሉ ጎን ምልክቱን፣ ከምልክቱ ጎን ደግሞ በጆሮ የተለካውን ድምፅ ማስፈር ይቻላል።

የጎንደር በአታ የሚታወቅበትን አቋቋም እንውሰድ። አንዱ ዜማ በመጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ ከመቋሚያው ጋር ይመጣል፤ ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ይፈጥናል። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሥርዓት አንድ ዓምድ ሰጥተን፣ በአንዱ የዜማ ጽሑፍ ላይ የቆይታውን ጊዜ እየለዋወጥን ልንመዘግበው እንችላለን። በአራት አራት ምት የተከፈለ ፕሮግራም የቁም ዜማውን ነፃ አካሄድ ይቆራርጠዋል፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ግን አንዱ ድምፅ 2.3 ሴኮንድ፣ ተከታዩ 0.85 ሴኮንድ ቢቆይ የሚከለክለው የለም።

የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ሀብት ከናቁት ዘመን ርቀናል። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ምርጫ ከነጥናቱ በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። ሥራቸውን እናመሰግናለን። ሆኖም በበአታ ደጃፍ የሚመላለሰው የጎንደር ተማሪ የራሱን ሠንጠረዥ ሳይጀምር የሌላውን ሦስት ቅጽ ብቻ እየጠቀሰ ሊመረቅ ነውን?

አሁን ደግሞ የሚነሡብንን ተቃውሞዎች እንስማ።

አንደኛው፣ «ዜማ በቁጥር አይያዝም፤ ጣዕሙ ይሞታል» የሚል ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ሠንጠረዡ መሪጌታን አይተካም፤ አዝማሪውም በሰው ፊት ቆሞ ያን ጊዜ የሚፈጥረውን ግጥም አይፈጥርም። ጅማቱ ሲሳብ በሁለት ድምፅ መካከል የሚንሸራተተውን ነገር በአንድ ረድፍ መያዝም አይቻልም፤ ለአንዱ መንሸራተት አሥር ረድፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ የመሣሪያው ጉድለት ስለሆነ አንደብቀውም። ነገር ግን ብራናም ጣዕምን አልያዘም፤ የያዘው ማስታወሻ ነው። ሊቃውንቱ ይህን እያወቁ ጻፉ። እኛም ይህን እያወቅን እንጻፍ።

ሁለተኛው፣ «የተቀደሰውን ዜማ መኪና ውስጥ ማስገባት ድፍረት ነው» የሚል ነው። በዚህ በኩል ጥንቃቄ ይገባል ባዮች ነን። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ባለቤት አለው። መሪጌታው ሳይፈቅድ ድምፁን መቅዳት፣ ቀድቶም በዳንስ ምት ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ስለዚህ በምንሠራው በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ከሁሉ የሚቀድመው ዓምድ «ከማን ተሰማ፤ ለምን ያህል ፈቀደ» የሚል ይሁን። ለአዝማሪውም ሕጉ ይኸው ነው። አዝማሪው በሙያው የሚያድር ሰው ስለሆነ ስሙ ሳይጻፍ፣ ዋጋው ሳይከፈል ቅኝቱን ለክቶ መሄድ የሌባ ሥራ እንጂ የተማሪ ሥራ አይባልም።

ሦስተኛው፣ «ይህ የአዲስ አበባ ወይም የአሜሪካ ሰዎች ነገር ነው፤ እኛ ስቱዲዮ የለንም» የሚል ነው። ታሪክ ይህን አያስተምርም። ግብጻዊው ሐሊም ኤልዳብህ በ1944 በካይሮ ከራዲዮ ጣቢያ በተዋሰው ባለ ሽቦ መቅጃ የዛር ሥርዓት ድምፅ ቀድቶ፣ ያንኑ በጣቢያው ክፍል ውስጥ እያስተጋባና እየለዋወጠ ሥራ አወጣ፤ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ዛር ደግሞ ለጎንደር ሰው ማን እንደ ሆነ አይነገረውም። ይኸው ሰው ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በእኛም ዘመን እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ ወጣቶች ያገራቸውን ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር አዋሕደው በውጭ አገር ጭምር ተሰምተዋል። የጎደለን ክፍል ውስጥ ያለ ውድ ዕቃ አይደለም። ሊብሬኦፊስ የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከ2010 ጀምሮ በነፃ ይታደላል፤ ሲሳውንድም በነፃ ነው። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም። በነሐሴ 2023 የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ በደመና ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ሁሉ ምን እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። የተማሪዎች ማኅበር በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ክፍልና ጥቂት ኮምፒውተሮች ያስፈቅድልን። የሂሳብና የኮምፒውተር ተማሪዎች ቀመሩን ያምጡ። ከአብነት ትምህርት ቤት አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ወንድሞቻችን፣ ብዙ ጊዜ ያንን ዕውቀታቸውን እንደ አሮጌ ልብስ በር ላይ አውልቀው የሚገቡት፣ ጆሯቸውንና ምልክታቸውን ያምጡ። እናቷ በሠርግ ቤት ስታዜም የሰማች እኅታችንም ያንን ታምጣ። የመጀመሪያው ሥራ አንድ ቅኝት ይሁን፤ አንድ ፈቃደኛ ባለማሲንቆ ተከፍሎት ትዝታን ይጫወትልን፣ እንለካው፣ በሠንጠረዥ እንጻፈው፣ በሲሳውንድ መልሰን እናሰማውና እርሱ ራሱ ይፍረድ። «ይህ የእኔ ነው» እስኪል ድረስ ሣጥኖቹን እናርማለን። የታረመው ሠንጠረዥ ማንም በሚከፍተው ተራ ጽሑፍ ተቀምጦ በቤተ መጻሕፍቱ ይኑር፤ በሚመጣው ዓመት የሚገባው ተማሪ ከዜሮ አይጀምር።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ትምህርታችን ቁጥር መደመር አስተምሮናል። የምንደምረው ግን የማንን ነገር እንደ ሆነ ራሳችን መምረጥ አለብን። ማሲንቆው ዛሬም በጎንደር ይሰማል፤ መሪጌታውም ወንበር ላይ ነው። ሠንጠረዡም በየላፕቶፓችን ውስጥ ባዶውን ተቀምጧል። እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው ከሌላ አገር እስኪመጣ አንጠብቅ።